በጋሼ ኢቬኮ ላይ ክሩዝ ኮንትሮል መግጠም፦ የሥራ ማስታወሻ ከጅማ

መስከረም 12፣ 2017

መኪናው አሮጌ ኢቬኮ ነው። ባለ ሁለት አክስል፣ ተሳቢ ጎታች፣ 24 ቮልት፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ጎማው 1200-20። ለሞተሩ ናፍጣ የሚመጥነው ፖምፓ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ባለቤቱም ሾፌሩም የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔ እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ የመኪና ኤሌትሪክ እሠራለሁ።

ሥራውን ያስጀመረኝ እንጨት ነው። ትናንት የጋቢና መብራት ልሠራላቸው ስገባ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ክንድ የማትሞላ የባሕር ዛፍ እንጨት አገኘሁ። ሁለቱም ጫፏ በመጋዝ በልክ ተቆርጧል፣ አንደኛው ጫፍ በከመነዳሪ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ምን እንደሆነች ጠየቅኳቸው። ሜዳ መንገድ ሲደርሱ በነዳጅ መስጫውና በወንበሩ ብረት መካከል ይሸጉጧታል፤ ቀኝ እግራቸው ያርፋል። «ከአሰንዳቦ እስከ ሰርቦ ብቻ ነው የማደርጋት፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ» አሉኝ።

ሌሊቱን በቅጡ አልተኛሁም። ከብት መንገድ ሲገባ እግር ወደ ፍሬን ይሄዳል፣ እንጨቷ ግን ነዳጅ መስጠቷን አታቆምም። ተዉ ብላቸው ነገ ሌላ ይቆርጣሉ፤ ጉልበታቸው የምር ታሟል፣ ባለፈው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ከጋቢና ያወረዳቸው ረዳታቸው ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ያን ጠንካራ ፔዳል ረግጦ መዋል ቀላል አይደለም። ስለዚህ እንጨቷን የሚተካ፣ ፍሬን ሲነካ ግን በራሱ የሚለቅ ነገር እሠራለሁ፤ ክሩዝ ኮንትሮል የሚባለውን፣ ሾፌሩ ፔዳል ሳይረግጥ ፍጥነቱን የሚይዝለትን። ሥራው እስኪያልቅ እንጨቷ እኔ ጋ እንድትቀመጥ ተስማማን።

መስከረም 20

ሳምንቱ በመጠየቅና በማሰብ አለቀ፣ መስቀልም ነበር። ጥያቄው የፖምፓውን መዘውር (ፔዳሉ ሲረገጥ ነዳጅ የሚጨምረውን ክንድ) ምን ይጎትተው የሚለው ነው።

የድሮ የቤንዚን መኪኖች ክሩዝ በቫኪዩም ይሠራ ነበር። እዚህ አይሆንም። ቫኪዩሙ የሚገኘው አየር ማስገቢያው ላይ ያለው ቢራቢሮ ሲዘጋ ነው፤ ይህ ናፍጣ ሞተር ቢራቢሮ የለውም፣ አየሩን እንደልቡ ይስባል፣ ጉልበቱን የሚወስነው ፖምፓው የሚሰጠው ናፍጣ ነው።

በአየር ሲሊንደር ለመሥራት ሁለት ቀን አስቤ ነበር፣ መኪናው 8 ባር አየር አለው። የተውኩት በሁለት ምክንያት ነው። በኤሌትሪክ የሚታዘዘው ተራ ሶሌኖይድ ቫልቭ ወይ ይከፍታል ወይ ይዘጋል፣ መሃል ላይ መያዝ አይችልም፤ መጥኖ የሚሰጠውን ቫልቭ አፈላልጌ አጣሁ። ዋናው ግን ከፍሬን አየር ጋር መነካካት አለመፈለጌ ነው። ለተጨማሪ ዕቃ የሚሆን መስመር ከባለ አራት መንገድ ቫልቩ ይወጣል፤ ነገር ግን የዚህን መኪና ቱቦዎች ባለፉት ዓመታት ብዙ እጅ ነካክቷቸዋል፣ የትኛው ከየት እንደሚመጣ ለማመን ሁሉንም መፍታት አለብኝ።

የቀረው ኤሌትሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ የቤት መኪኖች ላይ የነበረው የክሩዝ ሞተር ውስጡ ትንሽ ሞተር፣ ጥርሶች፣ ካቦ የሚጎትት ከበሮና የማግኔት ክላች አለው። ማግኔቱ ኤሌትሪክ ሲያገኝ ሞተሩንና ካቦውን ያያይዛል፤ ሲቋረጥበት ካቦው ነፃ ይወጣል፣ የፖምፓው ሞላ ነዳጁን ይመልሰዋል። ሽቦ ቢበጠስ፣ ፊውዝ ቢቃጠል፣ ባትሪ ቢወልቅ ውጤቱ አንድ ነው፤ ይለቃል። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው።

መስከረም 29

የክሩዝ ሞተሩ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ መጣልኝ። ያገለገለ የቶዮታ፣ 7,000 ብር።

ሞርሳ ላይ አስሬ በ12 ቮልት ሞከርኩት። የማግኔቱ ጥቅል በቴስተር 40 ኦም ነው፣ ማለት 0.3 አምፔር ይበላል፣ ቀላል ነው። ካቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ 38 ሚሊ ሜትር ይጎትታል። ያለበትን ቦታ የሚናገር ፖቴንሽዮሜትር አለው፤ ቀስ እያልኩ ሳዞረው ንባቡ የትም አይዘልም። የሚንጠለጠል ሚዛን ካቦው ላይ አስሬ ስጎትት 9 ኪሎ ላይ ክላቹ ይንሸራተታል። ይህን ቁጥር ለብቻው ጻፍኩት፣ ነገ ያስፈልገኛል።

ጥቅምት 4

እንዳሰብኩት አስፈለገኝ። የፖምፓው መዘውር ላይ የፔዳሉ ዘንግ የታሰረበት ቀዳዳ ከእምብርቱ 70 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከሚኒሞ (እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ካለው ዝቅተኛ ዙር) እስከ ሙሉ ነዳጅ ያለው ጉዞ እዚያ ላይ 48 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእኔ ሞተር ግን 38 ብቻ ነው የሚጎትተው። ወደ እምብርቱ ብጠጋ ጉዞው ያንሳል፣ ኃይሉ ግን ይጨምራል። ሚዛኑን 70ው ላይ አስሬ ስጎትት ሞላው 6 ኪሎ ጠየቀኝ። 45 ሚሊ ሜትር ላይ ብበሳው ጉዞው 31 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ጥሩ ነው፤ ኃይሉ ግን ከ9 ኪሎ ያልፋል፣ ክላቹ ይንሸራተታል።

መዘውሩ ሁለት መመለሻ ሞላ አለው። አንዱን አውልቄ ላቅልለው አልኩ። ጋሼ የጋቢናውን ደፍ ይዘው ቆመው ሲያዩኝ ነበር፣ «አንተ ልጅ፣ ሞላ አይነካም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። የሥራው ሁሉ መተማመኛ ያ ሞላ ነው፤ ክሩዙን ለማቅለል መልቀቂያውን ማድከም እንጨቷን መልሶ ማስገባት ነው።

የተስማማንበት 56 ሚሊ ሜትር ነው። ጉዞው 38.4፣ ኃይሉ 7.5 ኪሎ። ካቦው ላይ ትንሽ ልል ትቼ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎትታል፣ ማለት ክሩዙ ከመዘውሩ ሙሉ ጉዞ 91 በመቶውን ብቻ ነው መጎተት የሚችለው። ይህ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ዳገት ከመጣ ሾፌሩ ራሱ መርገጥ አለበት።

ካቦውን መጀመሪያ በቀጥታ ቡሎን አሰርኩት። ስህተት። ጋሼ በእግር ሲረግጡ መዘውሩ ወደፊት ይሄዳል፣ ካቦው ይላላል፣ የላላው ጉብታ ከኢንጀክተር መመለሻ ቱቦ ሥር ገባ። ሲለቁት ተያዘ። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር እንጂ እየሠራ ቢሆን ኖሮ ወደ ሚኒሞ አይመለስም ነበር። በምትኩ ቶርኖ ቤት ረዘም ያለ ስንጥቅ ያላት ላሜራ አሠራሁ፤ ካቦው ሲጎትት መዘውሩን ይዛ ትሄዳለች፣ በእግር ሲረገጥ ግን ፒኑ በስንጥቁ ውስጥ ብቻውን ይንሸራተታል፣ ካቦው አይንቀሳቀስም።

ጥቅምት 9

ዛሬ ያለቀስኩበት ቀን ነው ማለት ይቻላል። መቆጣጠሪያዬ አርዱዪኖ ናኖ የሚባል፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ ነው፣ 1,300 ብር። ሶስት ማታ አምሽቼ ሽቦውን በሊድ በይጄ፣ ጋቢና ውስጥ አስሬ፣ ከባትሪ አገናኝቼ ነበር። የክሩዝ ሞተሩ ማቀፊያ ሻንሲው ላይ መበየድ ስለነበረበት በያጁን ጠራሁት። ባትሪውን ሳልነቅል አስበየድኩ። ሌላ ሰው መኪና ላይ ይህን ሲያደርግ ባይ እጮህበት ነበር። ናኖው ሞተ፣ ከ24 ወደ 12 የሚያወርደው ትንሹ ሞጁልም አብሮ።

ሞጁሉስ መቀየሩ አልቀረም። ርካሹ ሞጁል 40 ቮልት ገደማ ድረስ ነው የሚችለው፤ 24 ቮልት መኪና ላይ ዲናሞ ድንገት ጭነት ሲወርድለት ከዚያ የሚበልጥ ግፊት ሊለቅ ይችላል። ለመኪና የተሠራ መቀነሻ 1,800 ብር ገዛሁ፣ መግቢያው ላይ ግፊት የሚውጥ ዳዮድና 5 አምፔር ፊውዝ ጨመርኩ። ማቀፊያው ደግሞ ከእንግዲህ በቡሎን ነው የሚታሰረው።

ጥቅምት 16

የፍጥነት ምልክት። የመኪናው ኪሎ ሜትር ማሳያ በሽክርክሪት ካቦ ነው የሚሠራው፣ ኤሌትሪክ የለውም። ስለዚህ ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ) ላይ ማግኔት፣ ከካምቢዮው ጀርባ ደግሞ የማግኔት ሴንሰር።

መጀመሪያ ማግኔቶቹን በኢፖክሲ ለጠፍኳቸው። በማግስቱ ጋሼ ሕርማታ ደርሰው ሲመለሱ አንዱ የለም። አሁን በሰፊ ፋሼታ ታስረዋል፣ ካርዳኑ እንዳይንቀጠቀጥ ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው።

ሒሳቡ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ጠፋብኝ። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ ስንቴ እንደሚዞር ለማወቅ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሳሁ፣ አንድ ዙር አዞርኩ፣ ረዳቱ ካርዳኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ቆጠረ። ሁለት ተኩል ሊሞላ ትንሽ ቀረው፣ 2.45። ጎማው በአንድ ዙር 3.4 ሜትር ይሄዳል፤ በሁለት ማግኔት አንድ ኪሎ ሜትር 1,441 ምት (ማግኔት በሴንሰሩ ባለፈ ቁጥር የሚመጣ ምልክት) ይሆናል ብዬ ጫንኩት። መንገድ ስንወጣ የስልኬ ጂፒኤስ 30 ሲል የእኔ ማሳያ 60 ይላል። ፕሮግራሙን አገላብጬ አየሁ፣ ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ ሁለት ጊዜ እየቆጠረ ነው ብዬ ማጣሪያ ጨመርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

መልሱን ያገኘሁት ማታ አልጋ ላይ ነው። ዲፍረንሻል! አንዱ ጎማ መሬት ይዞ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲዞር፣ ካርዳኑ የሚዞረው ሁለቱም ሲዞሩ ከሚዞረው ግማሹን ነው። ትክክለኛው 4.9 ነው። በኪሎ ሜትር 2,882 ምት፣ በ60 ፍጥነት በሰከንድ 48። ጠዋት ቁጥሩን ቀይሬ ስንወጣ ከጂፒኤሱ ጋር በአንድ ኪሎ ሜትር ልዩነት ገጠመ። ይህን ሥራ የሚሞክር ሁለቱንም ጎማ ያንሳ፣ ወይም የቆጠረውን በሁለት ያባዛ።

ጥቅምት 22

ዝናቡ ገና አልወጣም። የሴንሰሩ ሶኬት ውኃ ገባበት፣ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ይወርድና ይመለሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፦ ክሩዙ በርቶ ፍጥነት ዜሮ ነው ብሎ ካመነ ነዳጅ ይጨምራል። ፕሮግራሙ ላይ ጨመርኩ፤ በሩብ ሰከንድ ውስጥ ምት ካልመጣ ወይም ፍጥነቱ መኪና ሊያደርገው በማይችል መጠን ከዘለለ፣ የክላቹን ማግኔት ይልቀቅ፣ ሾፌሩ ራሱ እስኪያበራው አይመለስ።

ሶኬቱን ላስቲክ ባለው ቀየርኩት። ሽቦውንም ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ ጎን አሳልፌው ስለነበር መኪናው ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ቆሞ እንኳ የውሸት ምት ይቆጥር ነበር፤ መረብ በለበሰ ሽቦ ተክቼ በሌላው የሻንሲ ጎን አሳለፍኩት።

ጥቅምት 27

መልቀቂያው። ከዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የተጠነቀቅኩበት ክፍል ይህ ነው፣ ሰው ቢጠይቀኝም ስለ ሌላው ሳይሆን ስለዚህ ነው የማወራው። ማቆየቱን ፕሮግራም ይሥራው፤ መልቀቁን ግን ለፕሮግራም አልሰጥም። ናኖው ቢደነዝዝም፣ ቢቃጠልም መልቀቅ አለበት።

ስለዚህ የክላቹ ማግኔት ኤሌትሪክ በተራ በተራ በእነዚህ ያልፋል፦ ፊውዝ፣ ዋናው ማብሪያ፣ የፍሪሲዮን ፔዳል ማጥፊያ፣ የፍሬን ፔዳል ማጥፊያ፣ የስቶፕ መብራት ሪሌ (በኤሌትሪክ የሚታዘዝ ማጥፊያ)፣ የሞተር ብሬክ ሪሌ፣ ከዚያ በመጨረሻ ናኖው። አንዱ ከተቋረጠ ሁሉም ተቋረጠ። ሪሌዎቹ ላይ የተጠቀምኩት 87ኤ የሚባለውን እግር ነው፤ ሪሌው ሲያርፍ የተገናኘ፣ ሲነሳ የሚቋረጥ።

የፍሬኑ ለምን ሁለት ሆነ? የአየር ፍሬን ስቶፕ መብራት የሚበራው ፔዳሉ ሲነካ ሳይሆን መስመሩ ውስጥ ግፊት ሲገባ ነው። መዘግየቱ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ስለዚህ ፔዳሉ ገና ጣት ያህል ሲወርድ የሚቋረጥ ማጥፊያ አስቀደምኩ፣ የስቶፑ ሪሌ ሁለተኛ ዘበኛ ሆነ። የሞተር ብሬኩም መጨመር ነበረበት፤ ጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩን የሚይዝ ነገር በርቶ ሳለ ክሩዙ ናፍጣ ልስጥ ካለ ሞተሩን ማሰቃየት ነው።

ማግኔቱ ሲለቅ ናኖው ራሱን እያጠፋ ያስነሳ ነበር። ጥቅሉ ሲቋረጥ የሚወረውረው ግፊት ነው፤ 1ኤን4007 ዳዮድ በትይዩ አሰርኩ፣ ቆመ።

ኅዳር 3

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሠርቶ፣ ጎማ ታኮ ተደርጎ የመልቀቅ ሙከራ። ለሙከራ ብቻ ናኖው መዘውሩን መሃል ላይ እንዲይዝ አዘዝኩት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በየተራ ነቀልኩ። ረዳቱ በስልክ ቀስ ባለ ቪዲዮ ቀረጸ፣ በሰከንድ 240 ምስል። ከነቀልኩበት እስከ ሚኒሞ 40 ምስል ገደማ ቆጠርን፤ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ።

ከ20 ሙከራ በኋላ አንዱ ሁለት ሰከንድ ፈጀ። ደግሜ ስሞክር ጥሩ ነው፣ እንደገና ሁለት ሰከንድ። ካቦው ከማርሚታው ቱቦ አጠገብ ሹል መታጠፊያ ነበረው፤ ሞተሩ ሲግል የካቦው ሽፋን ለስልሶ ሽቦውን ይይዘዋል። ቆሞ በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ብሞክር ኖሮ አላገኘውም ነበር። መንገዱን ቀይሬ በሰፊ መታጠፊያ፣ ከሙቀቱ ርቆ አሳለፍኩት። ግማሽ ሰዓት አግሎ እንደገና 20 ጊዜ፤ ሁሉም አለፉ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

የመጀመሪያ መንገድ። ባዶ መኪና፣ ያለ ተሳቢ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከጅማ ወጣን፣ ከሰርቦ በኋላ ሞከርን። ከ40 በታች አይበራም፣ ከ65 በላይ አይቀበልም። ጋሼ 55 ላይ ቁልፉን ተጫኑ፣ እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ። መያዙን ያዘ። እግራቸውን ወደኋላ ሰብስበው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሲያሹት አየሁ፣ ምንም አልተናገሩም።

ከዚያ አንድ መንደር ጋ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ረገጡ፤ ሞተሩ ጮኸ። ጭነቱ ከላዩ ሲነሳለት፣ መዘውሩ ገና ተጎትቶ ስለነበር፣ ዙሩ ፖምፓው እስከሚፈቅደው ጫፍ ወጣ። ጋሼ ወዲያው ፍሬን ነኩ፣ ለቀቀ። የፍሪሲዮኑ ማጥፊያ ጋራዥ ውስጥ ፔዳሉን እስከ ታች ስረግጠው ይሠራ ነበር፤ ጋሼ ግን እስከ ታች አይረግጡም፣ ማርሹ በግማሽ ይገባላቸዋል። እኔ የለካሁት በራሴ እግር ነበር። ማቀፊያውን በ25 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ አነሳሁት፣ አሁን ልሉ እንዳለቀ ይቋረጣል። ጋሼ ራሳቸው ተቀምጠው ደግመው ደጋግመው እንዲረግጡ አደረግሁ።

ዙር ከፍ ካለ ምን ይሁን የሚለውንም ያኔ አሰብኩ። ከዲናሞው የዙር ምልክት ወስጄ፣ የሞተሩ ዙር ከካርዳኑ ጋር ሳይመጣጠን ከወጣ ናኖውም እንዲለቅ ጨመርኩ። ግን ይህ ተጨማሪ ነው፣ ዋናው ማጥፊያው ነው።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ይዋልላል። 58 ላይ ሲያዝ ወደ 52 ይወርዳል፣ ይነቃና 64 ይደርሳል፣ ይለቃል። ጭንቅላት ወደፊት ወደኋላ ይላል።

ክሩዝ ኮንትሮልን የፈለሰፈው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። ሐሳቡ የመጣለት ጠበቃው እያወራ ሲነዳ መኪናው ስለሚፈጥንና ስለሚዘገይ ነው ይባላል፤ ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፣ ክራይስለር ደግሞ በ1958 ሞዴል መኪኖቹ ላይ አወጣው። ስለ እሱ ካነበብኩ ወዲህ ማሳያውን ማየት ትቼ በረዳቱ ወንበር ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። ቁጥሩ የማይነግረኝን ወገቤ ይነግረኛል፦ አወዛወዙ ለስላሳ አይደለም፣ በየግማሽ ሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ላይ ትልቁ ማዕበል አለ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ትንሹን ያገኘሁት በዚያው ምሽት ነው። ምቱን በየግማሽ ሰከንዱ ነበር የምቆጥረው። በ60 ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ ውስጥ 24 ምት ይመጣል፤ አንድ ምት ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ፍጥነቱ በ2.5 ኪሎ ሜትር የተቀየረ ይመስለዋል። መኪናው ሳይነቃነቅ እሱ ይደነግጣል። ቆጠራውን ትቼ በምትና በምት መካከል ያለውን ጊዜ መለካት ጀመርኩ፣ የስምንቱን አማካይ ይዤ። ንቅንቅታው ጠፋ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ትልቁ ማዕበል። ፖምፓ ቤት ሄጄ አማከርኩ። ባለሙያው አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «ፎሌ ላይ መዘውሩን መሃል ብትይዘው ዙሩ እዚያው ይቆማል ወይስ ዝም ብሎ ይወጣል?» ሞከርኩ፣ ይቆማል። እንግዲያው የፖምፓው ገቨርነር (ዙሩን የሚቆጣጠረው ክፍል) በሁሉም ዙር የሚሠራ ዓይነት ነው፤ መዘውሩ የሚያዘው የናፍጣ መጠን ሳይሆን የሞተር ዙር ነው። ዳገት ሲመጣ ገቨርነሩ ራሱ ናፍጣ ይጨምራል፣ በተወሰነ መውደቅ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ነጂ አንድ መሪ ላይ አስቀምጬ ነበር። ገቨርነሩ ሲጨምር የእኔም ፕሮግራም ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል። አሁን የእኔን አዘገየሁት፦ ፈጣኑን ገቨርነሩ ይሥራ፣ ናኖው ቀስ ብሎ ብቻ ያርም። 1.5 ኪሎ ሜትር እስኪሳሳት አይነካካም፣ መዘውሩንም በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አይጎትትም።

ሌላም ነበር። ደነባ አካባቢ ረጅም ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ፕሮግራሙ ስህተቱን እየደመረ ያከማቻል፣ አናቱ ላይ ስንደርስ ያን ሁሉ እዳ ለመክፈል ነዳጁን ሳይለቅ 9 ኪሎ ሜትር አለፈ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ካምፓስ የሚማር የጎረቤት ልጅ ኮዱን አይቶ ወዲያው ነገረኝ፤ ድምሩ ጣሪያ ያስፈልገዋል፣ ካቦው ጫፍ ከደረሰ መደመር ይቁም። ሁለት መስመር ኮድ ነው። ከተያዘው ፍጥነት 10 ከወረደ ደግሞ ጨርሶ ይለቃል፣ ያኔ ማርሽ የሚቀነስበት ጊዜ ነው።

ዛሬ 57 ላይ ስንይዝ ከ55.5 እስከ 58.5 ቆየ። ዓይኔን ጨፍኜ መጀመሪያ ማን እየነዳ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 2

አዲሱ ቡና ተጭኗል፣ ከነተሳቢው። አብሬ ሄድኩ። ባዶ ላይ የተስተካከለው ጭነት ላይ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን አይዋልልም፤ የከፋው ባዶ ሲሆን ነበር። የግልገል ግቤ ውኃ በሚታይበት በኩል ረጅም ጊዜ ያዘ። ከብት ሁለት ጊዜ ገባ፣ አንድ ጊዜ አህያ፤ ሦስቱንም ጋሼ እግራቸውን ወደ ፍሬን ሲያንቀሳቅሱ ተለቀቀ።

ወደ ጊቤ ቁልቁለት ከመድረሳችን በፊት ዋናውን ማብሪያ አጠፋን። ይህ ደንባችን ነው፣ ጋቢናው ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፦ ቁልቁለት፣ ዝናብ፣ ከተማ፣ ገበያ ቀን ላይ አይበራም። ክሩዙ ነዳጅ መተው እንጂ መያዝ አይችልም፤ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ራሱ ይገፋዋል። እዚያ የሚሠራው ዝቅተኛ ማርሽና ሞተር ብሬክ ነው።

ወሊሶ ላይ ቡና ጠጣን። ጋሼ ከጋቢናው ብቻቸውን ወረዱ። መንገዱን ሳሰላው ክሩዙ የሠራው ከሩብ አይበልጥም፤ ማርሹ፣ መንደሩ፣ ጠመዝማዛው ይበዛል። በናፍጣ ፍጆታ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላየሁም።

ወጪ እስካሁን፣ የእጄን ሳልቆጥር፦ የክሩዝ ሞተር 7,000፣ ሁለት ናኖ 2,600፣ የሞተር ማዘዣ ሰሌዳ 1,600፣ መቀነሻ 1,800፣ ሦስት ሪሌ 1,050፣ የፔዳል ማጥፊያዎች 800፣ ማብሪያ 450፣ ሽቦና ሶኬት 2,200፣ ማግኔትና ሴንሰር 700፣ ቶርኖና ብየዳ 2,500። ጠቅላላ 20,700 ብር።

ታኅሣሥ 14

ሁለት ዙር ሄዶ ተመለሰ። የፍሬን ፔዳል ማጥፊያው አቧራ ገብቶበት አልፎ አልፎ ሳይነካ ይቋረጣል፤ ክሩዙ በራሱ ይጠፋል። የተበላሸው በሚለቅ በኩል መሆኑ እንዳሰብኩት ነው፣ ግን መተው የለበትም። የታሸገ፣ በማግኔት የሚሠራ ማጥፊያ አስመጥቼ ቀየርኩት፣ 650 ብር።

ካቦው የሻንሲውን ጠርዝ የሚነካበት ቦታ ሽፋኑ መላጥ ጀምሯል። የምጠቀልልበት ጎማ አጣሁ። የጋሼን እንጨት ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቼ ጫፏ ላይ ያለውን ከመነዳሪ ፈታሁ፣ ካቦው ላይ ጠቅልዬ በሁለት ፋሼታ አሰርኩት። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ፈትቼ አየዋለሁ።